ከቧንቧ እስከ ብርጭቆ፡- በሐረር የመጠጥ ውሃን በቤት ውስጥ ማጣራትና ማከም

ሐረር፡- ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው የሐረር ከተማ ሰፈሮች ተራ በደረሰ ቀን ሮቶው፣ በርሜሉና ጄሪካኑ ይሞላል። ቤተሰቡም እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ ከዚያው እየቀዳ ይጠጣል፣ ያበስላል፣ ይታጠባል። ውሃው ከቧንቧው ሲወጣ ንጹህ ቢሆን እንኳ ብርጭቆ ውስጥ እስኪገባ ባለው ጊዜ በብዙ እጅና ዕቃ ያልፋል። በመሆኑም የቤት ውስጥ የውሃ ማጣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብም ሆነ መሥሪያ ቤት የመሣሪያዎችን ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት የሚጠጣው ውሃ የት ቦታ ላይ እንደሚበከል ማወቅ ይኖርበታል።

ሐረር ለአሥርተ ዓመታት የመጠጥ ውሃዋን ታገኝ የነበረው ከከተማዋ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ከሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ለመስኖና ለከተሞች ፍጆታ ያለ ገደብ ሲሳብና ከተራቆቱት ኮረብታዎች በሚወርደው ደለል ሲሞላ ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ደረቀ፤ ነዋሪውም ለዓመታት በከፍተኛ የውሃ እጥረት ውስጥ አለፈ። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ዳግም ውሃ መያዝ ቢጀምርም ከተማዋ ፊቷን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ካዞረች ቆይታለች። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ በተገነባው ፕሮጀክት አማካይነት በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚገኘው የሐሰሊሶ የጉድጓድ መስክ የሚወጣው ውሃ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከ600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ወጥቶ ሐረር ይደርሳል። ውሃው ይህን ያህል ሽቅብ የሚገፋው በኤሌክትሪክ ፓምፕ በመሆኑ መብራት ሲቋረጥ ወይም ፓምፕ ሲበላሽ መስመሩ ይቆማል።

የመስመሩ መቆም የሚያስከትለው ችግር የውሃ መጥፋት ብቻ አይደለም። በቧንቧ ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ በተሰነጠቀ ቦታ የሚፈሰው ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ግን በዚያው ስንጥቅ ከውጭ ያለው እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። ቱቦው በቦይ ወይም በመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በተለይ ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት፣ ጠባብ መተላለፊያዎች በተሳሰሩበት በጀጎል ግንብ ውስጥ የውሃና የፍሳሽ መስመሮችን አራርቆ መዘርጋት ቀላል ሥራ አይደለም። ስለዚህ ውሃ ከቀናት በኋላ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ለጥቂት ደቂቃ ለጽዳት በሚውል ባልዲ መቅዳትና ጠርቶ ሲወርድ ብቻ ለመጠጥ መያዝ ምንም ወጪ የማይጠይቅ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን የተቀሰቀሰው የኮሌራ ወረርሽኝ የሶማሌ ክልልን ጨምሮ ወደ በርካታ የአገሪቱ አካባቢዎች ተዛምቶ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል። በሌላ በኩል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአሥር ቤተሰቦች ዘጠኝ ያህሉ የሚጠጡትን ውሃ በምንም መንገድ እንደማያክሙ አመልክቷል።

ነጩ ቅርፊት በሽታ አይደለም

በሐረርና በድሬዳዋ ስለ ውሃ ጥራት ሲነሳ በአብዛኛው ቀድሞ የሚጠቀሰው በማንቆርቆሪያና በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ብዙዎች ማጣሪያ ለመግዛት የሚነሱትም ይህን አይተው ነው። ቅርፊቱ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ አሟሙቶ የሚያመጣው የካልሲየምና የማግኒዚየም ማዕድን ነው። ውሃው ሲፈላ ማዕድኑ ይጠጥርና በዕቃው ላይ ይለጠፋል። የሳሙና አረፋ ይቀንሳል፣ የሻይን ጣዕም ይለውጣል፣ የማሞቂያ ሽቦን ያበላሻል። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ መመሪያው ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው የመጠን ገደብ የለም። በሆምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ሊጸዳ የሚችልን ቅርፊት ለማስወገድ ውድ መሣሪያ ገዝቶ፣ በዓይን የማይታየውን ተሕዋስ ግን እንዳለ መጠጣት ትልቁ የምርጫ ስህተት ነው።

ናይትሬት የተባለውን ንጥረ ነገር በተመለከተ ሁኔታው ይለያል። በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ በሚገኙ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከመጸዳጃ ጉድጓዶች ጋር በተያያዘ ከፍ ያለ የናይትሬት መጠን አሳይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚህ የበለጠ ውሃ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። ናይትሬት በማፍላትም ሆነ በክሎሪን አይወገድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲፈላ እየተነነ ስለሚያንስ ክምችቱ ይጨምራል። በግል ጉድጓድ የሚጠቀም ቤተሰብ ወይም ተቋም ማጣሪያ ከመግዛቱ በፊት ውሃውን በላቦራቶሪ ማስመርመር ያለበት ስለዚህ ነው።

ማፍላት፣ ክሎሪንና ፀሐይ

ውሃን ማፍላት ሁሉም የሚያውቀው ዘዴ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ተሕዋስያኑ ከዚህ በታች በሆነ ሙቀት ስለሚሞቱ ልዩነቱ አያሳስብም፤ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በቂ ነው። ችግሩ ያለው ማገዶው ላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት እስከ 1 ኪሎ ግራም የሚደርስ እንጨት ሊጠይቅ ስለሚችል ዘዴው በገጠር ለየዕለት አገልግሎት አያዛልቅም። በተጨማሪም የፈላ ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ ራሱን የሚከላከልበት ነገር የለውም። ተፈልቶ የሚቀርበው ሻይ ወይም ቁቲ ደህና ሆኖ ሳለ በበርጫ ላይ ከቁቲው ጎን የሚቀመጠው የቀዝቃዛ ውሃ ጆግ የበሽታ መተላለፊያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሎሪን ከማፍላት የሚለየው ውሃው ውስጥ ቆይቶ በኋላ የሚገባውንም ተሕዋስ መከላከሉ ነው። ውሃው በጄሪካን ቀናት ለሚቆይባት ሐረር ይህ ጠባይ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ዋጋ አለው። በአገራችን በፈሳሽ መልክ «ውኃ አጋር»፣ በእንክብል መልክ ደግሞ «አኳታብ» በስፋት ሲሠራጩ የቆዩ ናቸው። እንክብሉ በተለያየ ጥንካሬ የሚመረት በመሆኑ በላዩ የተጻፈውን ማየት የግድ ነው፤ 67 ሚሊ ግራም የሚለው ለአንድ 20 ሊትር ጄሪካን የተዘጋጀ ነው። ክሎሪኑ ከተጨመረ በኋላ ውሃው ሳይጠጣ 30 ደቂቃ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ተርፎ እንዲገኝ ይፈለጋል።

በየሱቁ የሚሸጠው በረኪናም መሠረቱ ያው ክሎሪን ነው። ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ ለ20 ሊትር ጥሩ ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር የማይሞላ ጠብታ ይበቃል። ይሁንና እየተቀዳ የሚሸጠው በረኪና ጥንካሬው አይታወቅም። ሽቶ ወይም ቀለም የተጨመረበትን ደግሞ ለመጠጥ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። የፋብሪካ ምልክትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሌለውን ለልብስ ማጠቢያ መተው ይሻላል። ክሎሪን ሙቀትና ብርሃን ያዳክመዋል፤ በጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው በሚውል ሮቶ ውስጥ ቢጨመርም ብዙ ሳይቆይ ኃይሉን ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ማሰብ ይጠቅማል። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 2 ሊትር ቢመደብ ለመጠጥ የሚያስፈልገው 10 ሊትር ነው። ሳይበስል ለሚበላ አትክልትና ለዕቃ ማለቅለቂያ ሲታከልበትም አንድ ጄሪካን ይበቃል። ስለዚህ ሊታከም የሚገባው የመጠጡ ጄሪካን እንጂ ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶ አይደለም። ለቤቱ ሁሉ የሚሆን ማጣሪያ ለመግዛት የሚወጣው ብር በአብዛኛው ወለልና ልብስ ለማጠብ የሚውል ነው።

ፀሐይም ያለ ወጪ ታገለግላለች። ጥርት ያለ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ታጥቦ፣ እስከ 2 ሊትር ተሞልቶና ተከድኖ በጠራ ቀን ለ6 ሰዓት፣ ሰማዩ ከግማሽ በላይ በደመና ከተሸፈነ ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቢጋደም ጨረሩና ሙቀቱ ተባብረው ተሕዋስያኑን ይገድላሉ። ውሃው ለዚህ ዘዴ በቂ ጥራት እንዳለው ለማወቅ ጠርሙሱን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ርዕስ ላይ አቁሞ ከላይ ወደ ታች መመልከት ነው፤ ፊደሉ በውሃው ውስጥ ከተነበበ ይበቃል፣ ካልተነበበ መጀመሪያ መጥለል አለበት።

በሶፊ ቅድሚያ ለድፍርሱ

በሐረሪ ክልል ገጠር በምትገኘው በሶፊ ወረዳ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ጫት፣ ማሽላና ለውዝ የሚያመርተው የገጠሩ ነዋሪ ቧንቧ ባልደረሰበት ቦታ ከምንጭና ከእጅ ጉድጓድ በጄሪካን ይቀዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ውሃውን ያደፈርሰዋል። በድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን ቢጨመር አብዛኛው ክሎሪን የሚያልቀው ከጭቃውና ከብስባሹ ጋር ሲዋጋ ነው። ተሕዋስያኑም በአፈሩ ቅንጣት ውስጥ ተሸሽገው ያመልጣሉ። በቤተሰብ ደረጃ ክሎሪን «አልሠራም» ሲባል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በመሆኑም ድፍርስ ውሃ በቅድሚያ ሳይነካ ማደር፣ ከላይ የጠራው ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ፣ ከዚያም በታጠበ፣ አራት በታጠፈ ንጹህ ነጠላ መጥለል አለበት። ይህም ካልበቃ «ቢሻን ጋሪ» በሚል ስያሜ በአገር ውስጥ የሚመረተውን ዱቄት መጠቀም ይቻላል። በኦሮምኛ «መልካም ውሃ» ማለት የሆነው ይህ ምርት ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች የሚያዘቅጥና ተሕዋስያንን የሚገድል ንጥረ ነገር በአንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ አንዱ ከረጢት ለ20 ሊትር የተዘጋጀ ነው። ዱቄቱ ተጨምሮ በደንብ ይማሰላል፣ ዝቃጩ ይጠብቃል፣ ውሃው በጨርቅ ይጠለላል፣ ከዚያም 30 ደቂቃ ይቆያል። ዝቃጩ ሕፃናትና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ መደፋት ይኖርበታል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ለማጥለያ ይውላል፤ ያጠራል እንጂ ጀርም አይገድልምና ከእሱ በኋላም ክሎሪን ወይም ማፍላት ያስፈልጋል።

በገበያ ያሉ መሣሪያዎች

በሁለት ዕቃ ተደራርቦ የሚሠራው የሸክላ ማጣሪያ ኤሌክትሪክም ሆነ የቧንቧ ግፊት የማይጠይቅ በመሆኑ ለፈረቃ ውሃ የሚስማማ ነው። ቀዳዳዎቹ እስከ 0.2 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር 5 ሺህኛ ያህል የሚጠቡ ሲሆን ባክቴሪያንና የአሜባን ዓይነት ጥገኛ ተሕዋስያን ይይዛሉ። ክሎሪንን የሚቋቋመውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተሕዋስም ያስቀራሉ። ቫይረስን ግን ሙሉ በሙሉ ስለማያስቀሩ ከተጣራው ውሃ ላይ ጥቂት ክሎሪን መጨመር ሁለቱን ያሟላል። የማጣሪያው ፍጥነት በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። ሲዘጋ ላዩን በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ እንጂ በሳሙና ማሸት ወይም መቀቀል አይገባም። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየበት ከዚያች ቀን ጀምሮ ማጣሪያ መሆኑ አብቅቷል።

በአዲስ አበባ ሱቆችና በመሥሪያ ቤት ግዥዎች ጎልቶ የሚታየው በስስ ሽፋን ውሃን በግፊት የሚያሳልፈው ዘመናዊ መሣሪያ ነው። ማዕድንን፣ ናይትሬትንና ፍሎራይድን ሳይቀር ያስወግዳል። በስምጥ ሸለቆ እንደ ወንጂ ባሉ አካባቢዎች ፍሎራይድ ከተፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በልጦ ጥርስና አጥንትን በሚጎዳበት ቦታ እንዲህ ያለው መሣሪያ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ይሁንና የተለመደው የቤት ውስጥ መሣሪያ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ለመስጠት ሦስት ሊትር ገደማ ወደ ፍሳሽ ይለቃል። ከላይ ለተጠቀሰው ቤተሰብ 10 ሊትር ለማጣራት 30 ሊትር ይጣላል ማለት ነው። በፈረቃ ጄሪካን ለምትቆጥር ከተማ ይህ የሚያስመካ ምርጫ አይሆንም። የሚለቀቀውን ውሃ ለወለልና ለመጸዳጃ አጠራቅሞ የማይጠቀም ተቋም ባይገዛው ይመረጣል። በአልትራቫዮሌት መብራት የሚሠሩትም ቢሆኑ ተሕዋስያንን በፍጥነት የሚገድሉት መብራት እስካለና ውሃው እስከጠራ ድረስ ነው፤ በውሃው ውስጥ የሚተዉት መከላከያም የለም።

የከሰል ማጣሪያን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሰል የክሎሪንን ሽታ በማጥፋት ጣዕም ያሻሽላል፤ ነገር ግን ሽታውን ሲያጠፋ ጥበቃውንም ያጠፋል። ጊዜው ሲያልፍ ሳይለወጥ የቀረ ከሰል ደግሞ ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። የክሎሪን ሽታ የሚከብደው ሰው ውሃውን በተከደነ ጆግ ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት ይችላል።

ይኸው ከሰል በመስታወት ገንዳ ለጌጥ ዓሣ ለሚያሳድጉ ቤቶችና ሆቴሎች ግን እጅግ ጠቃሚ ነው። ሰውን የሚጠብቀው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላልና። ለዓሣ የሚሆን የቧንቧ ውሃ በከሰል ማለፍ ወይም አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ማደር አለበት። በገንዳው ውስጥ የሚሠራው ስፖንጅ ያለው ማጣሪያም ዓላማው ተቃራኒ ነው። በስፖንጁ ላይ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከዓሣው ኩስ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። ስለሆነም ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እንጂ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አይደለም። አንዱ መሣሪያ ባክቴሪያን ለማኖር፣ ሌላው ለመግደል የተሠሩ ናቸውና ለዓሣ ገንዳ የተገዛን ማጣሪያ የመጠጥ ውሃ ለማጣራት ማዋል ከባድ ስህተት ነው።

ለመሥሪያ ቤት ግዥ

ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለቢሮ ማጣሪያ የሚገዙ ኃላፊዎች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሦስት ዓመት መለዋወጫውን ዋጋ እንዲጠይቁ ይመከራል። የሚቀየረው አካል በአገር ውስጥ የማይገኝ መሣሪያ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ የቤት ውስጥ የውሃ ማከሚያ ምርቶችን እየፈተሸ ባክቴሪያን፣ ቫይረስንና ጥገኛ ተሕዋስያንን በማስወገድ አቅማቸው ከአንድ እስከ ሦስት ኮከብ ይሰጣል። የተገመገሙት ምርቶች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ ግዥ ከመፈጸሙ በፊት ማየት ከሻጭ ቃል የተሻለ ማስረጃ ነው። ከተገጠመም በኋላ መሣሪያውን የሚያጸዳና የተለወጠበትን ቀን የሚመዘግብ አንድ ሠራተኛ በስም መመደብ አለበት።

የተጣራው ውሃ የሚቀመጥበት ዕቃ ከማጣሪያው ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። አፉ ሰፊ የሆነ ባልዲ ወይም በርሜል ጣሳ፣ እጅና አቧራ ይገባበታል። አፈ ጠባብ፣ ክዳን ያለውና ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ዕቃ የመግቢያውን በር ይዘጋል። ቧንቧ የሌለው ከሆነ ውሃው ከጄሪካኑ ዘንበል ተደርጎ ይቀዳል እንጂ ኩባያ አይነከርበትም። ጄሪካን ውስጡ አረንጓዴ ሲያወጣ ጥቂት ጠጠርና ሳሙና ጨምሮ በመናጥ ማጠብ፣ ከዚያም በክሎሪን ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ዘይት ወይም የእርሻ ኬሚካል ይዞ የነበረ ጄሪካን ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይውልም። ሮቶ ደግሞ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ደለሉ መውጣትና ክዳኑ በትክክል መግጠሙ መታየት ያለበት ሲሆን፣ በሐረር ለዚህ ሥራ አመቺ የሚሆነው ውሃው ሊያልቅ ሲቃረብና የሚቀጥለው ፈረቃ ከመድረሱ በፊት ያለው ቀን ነው።